ባለ አይብ የቡና ኬክ ለፋሲካ እንግዶች፤ በአዲስ አበባ አየር፣ በአዲስ አበባ አይብ

ለበዓል እንግዳ ከቡና ጋር የሚቀርብ፣ በእርሾ የቦካ፣ መሃሉ አይብ የሆነ ኬክ መጋገር ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ብዙ ሰው አንዴ ይሞክረዋል። ሥሩ ይረጥባል፣ መሃሉ ሊጥ ሊጥ ይላል፣ አይቡ በጎን ፈስሶ ትሪው ላይ ያርራል። ከዚያ «ይሄ የኛ አገር ነገር አይደለም» ብሎ ይተወዋል። እንዳትተዉት እፈልጋለሁ። አዘገጃጀቱ የተጻፈው ለሌላ አይብ፣ ለሌላ ከፍታና መብራት ለማያስቸግረው ቤት ነው። እኛ ጋ ሲመጣ መለወጥ ያለባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። እነሱን ካወቃችሁ ቀሪው ከድፎ ዳቦ አይከብድም።

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ፋሲካ የሚከበረው እኛ ቤት ነው። የባለቤቴ ቤተሰብ ከነልጅ ልጁ ይሰበሰባል፣ የእኔም ወገኖች ይመጣሉ። ይህን ኬክ ያሳወቀችኝ አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ለበዓል ልትመጣ ስትል «ድፎው እንዳለ ሆኖ፣ ለቡናው ባለ አይቡን ብትጋግሪልኝ» አለችኝ። እዚያ ያስገቡት ከጀርመንና ከመካከለኛው አውሮፓ የሄዱ ሰዎች ናቸው። በነሱ አገር የሚሞላው ክዋርክ በሚባል ሳይቆይ የሚበላ ለስላሳ አይብ ነው። ቼኮች ትቫሮህ ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ በክሪም ቺዝ ይሞሉታል። እኔ ክሪም ቺዝ ፍለጋ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት ዞርኩ። ዋጋው ለዚያ ሁሉ እንግዳ የሚቻል አልነበረም። የኛ አይብ ግን የክዋርክ ዘመድ ነው። በእሱ ልሠራው ወሰንኩ።

የመጀመሪያውን የጋገርኩት በቅበላ ሳምንት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። ይህን ለእናንተም አጥብቄ እመክራለሁ። ለፋሲካ የምታቀርቡት አዲስ የፍስክ ነገር ካለ ጾሙ ሳይገባ ሞክሩት። 55 ቀኑ ከጀመረ በኋላ ቀምሶ ማስተካከል የለም። ያኔ አይቡን ከገበያ እንደመጣ ከስኳርና ከእንቁላል ጋር መትቼ ሊጡ ውስጥ ሞላሁት። ከኦቨን ሲወጣ ላዩ ቆንጆ ቀልቷል። ስቆርጠው ግን ከአይቡ ሥር ያለው ሊጥ ነጭና እርጥብ ሆኖ ቀርቷል። አይቡም ተበታትኗል፣ አፍ ላይ ይሻክራል።

ምክንያቱ አይቡ ራሱ ነው። አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠለት አሬራ ነው። አሬራው በለዘብተኛ እሳት ሲሞቅ ነጩ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ይለያል። ስለዚህ ስቡ ጥቂት ነው፣ በውስጡ የሚቀረው አጓት ግን ብዙ ነው። ክሪም ቺዝ ስቡ ብዙ ነው፣ ውሃውንም ይዞ ይቆያል። የኛ አይብ ኦቨን ውስጥ ሲሞቅ አጓቱን ይለቀዋል። ሊጡ ይጠጣዋል። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ብትጨምሩለትም ላዩ ያርራል እንጂ ሥሩ አይደርቅም። እኔ ሞክሬዋለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ከዋዜማው ዋዜማ መጀመር ይፈልጋል። አይቡን በንጹህ ሻሽ ቋጥሩት። ወንፊት ላይ አድርጋችሁ፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣችሁ፣ ላዩ ላይ ከበድ ያለ ነገር ጫኑበት። ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት ሳህኑ ውስጥ የምታገኙት አጓት ያስገርማችኋል። ቁርስራሹን በመዳፋችሁ ጨበጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ቅርጹን ከያዘና እጃችሁን ካላረጠበው ደርሷል። ሲጠፍ መጠኑ በደንብ ስለሚቀንስ ከሚያስፈልጋችሁ ጨመር አድርጋችሁ ግዙ። አጓቱን አትድፉት። ለሌላ ዳቦ በውሃ ፈንታ ይገባል፣ ሊጡን ያለሰልሰዋል።

የጠፈፈውን አይብ በወንፊት በማንኪያ ጀርባ እየጫናችሁ አሳልፉት፣ ወይም ብሌንደር ውስጥ ፍጩት። ሻካራነቱ የሚጠፋው እዚህ ነው። ቀጥሎ የጎደለውን ስብ መልሱለት። ለ400 ግራም የጠፈፈ አይብ 60 ግራም የላላ ቅቤ፣ አንድ የእንቁላል አስኳል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ 60 ግራም ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭ ተፍቆ፣ ትንሽ ቫኒላ። አስኳሉን ብቻ። ነጩ አብዛኛው ውሃ ነው፣ የለፋችሁበትን ይመልስባችኋል። ዱቄቷ ደግሞ የቀረችውን እርጥበት ትይዛለች። ሎሚው ሲፋቅ ቢጫው ወይም አረንጓዴው ብቻ ነው የሚፈለገው፣ ነጩ ይመራል።

አሁን ወደ ሊጡ። ሁለተኛው ፈተና ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊቱ ዝቅ ይላል። እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን በቀላሉ ይነፋዋል። እህቴ የላከችው አዘገጃጀት አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። የኔ ሊጥ ከዚያ በጣም ቀድሞ እጥፍ ሆኖ ነበር። ሰዓቱን አምኜ ሌላ ሥራ ላይ ስቆይ ሳፋውን ሞልቶ አገኘሁት። ጎንጉኜ ትሪ ላይ ሳደርገውም እንደዚያው አብጦ ነበር። ኦቨን ሲገባ ግን ሟሸሸ። ከመጠን በላይ ኩፍ ያለ ሊጥ ውስጡ ይሳሳል። የአይቡን ክብደት አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት አላይም። ሊጡን አቡክቼ ስጨርስ ቁርስራሽ እወስድና ቀጥ ባለ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጠቅጥቄ አደርጋለሁ። ውጩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ፣ እጥፍ የሚሆንበትም ላይ ሌላ ምልክት። ብርጭቆው ከሳፋው አጠገብ ይቀመጣል። እዚያ ሲደርስ ሳፋውም ደርሷል ማለት ነው። ሌላው ማረጋገጫ ጣት ነው። ጣታችሁን ዱቄት ነክራችሁ ሊጡን ጫን አድርጉት። ጎድጓዱ ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው። ቀስ ብሎ ግማሽ መንገድ ከተመለሰ ጊዜው ነው። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎታል። አለፈ ብላችሁ አትጣሉት። መልሳችሁ እሹት፣ ጋዙ ይውጣለት፣ እንደገና ኩፍ ይበል። ገና ካልተሞላ ምንም አይሆንም።

እርሾውንም ቀንሱ። 7 ግራም ሲላችሁ 5 በቂ ነው። ቀስ ብሎ የቦካ ሊጥ ጣዕሙም የተሻለ ነው። አየራችን ደረቅ ስለሆነ ዱቄቱም ይደርቃል። ሊጡ እጃችሁ ላይ ጠንከር ካለባችሁ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ፣ አትፍሩ።

ለሊጡ እኔ የምጠቀመው ይህ ነው። 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 80 ግራም ስኳር፣ 8 ግራም ጨው፣ 100 ግራም ቅቤ፣ ሁለት እንቁላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ። ሁለት መካከለኛ ኬክ ይወጣዋል። ስለ እንቁላሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዘገጃጀቶቹ የሚያስቡት የፈረንጅ እንቁላል ነው። የሐበሻ እንቁላል ከሆነ የያዛችሁት ያንሳልና ሦስት አድርጉት። ኮረሪማውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እዚያ አገር አይገባበትም፣ ግን ከቡናው ጋር በጣም ይሄዳል።

ወተቱ ከደጅ የተገዛ ከሆነ መጀመሪያ ይፍላ፣ ከዚያ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ። ጣት ነክራችሁ ሙቀቱ የማይሰማችሁ ዓይነት ይሁን። እርሾ 55 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መሞት ይጀምራል። ቅቤውን ከሁሉም በኋላ አስገቡ። ይህን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ቅቤ ቀድሞ ከገባ ዱቄቱን ይለብሰዋል፣ ሊጡ ጅማት አያወጣም። መጀመሪያ ያለ ቅቤ አሥር ደቂቃ ያህል እሹት። ከዚያ ቅቤውን በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ ቀጥሉ። መሃል ላይ የተበላሸ ይመስላል። ይንሸራተታል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ዱቄት አትጨምሩበት። ትንሽ ታግሳችሁ ማሸቱን ስትቀጥሉ ይሰበሰባል። ቁርስራሽ ወስዳችሁ በሁለት እጅ ስታሳሱት ሳይቀደድ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቆዳ ከሆነ ደርሷል።

ቅቤ ላይ የኛ አገር ለጋ ቅቤ ይሆናል። እኔ የሸኖ ለጋ ነው የምጠቀመው። በቀዝቃዛ ውሃ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ደጋግማችሁ እጠቡት። አሬራው ይወጣለታል፣ ሽታውም ይለዝባል። የተነጠረ ቅመም የገባበት ቅቤ ግን ለዚህ አይሆንም። ኬኩ ወጥ ወጥ ይሸታል። በዓል ሲቃረብ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ ገበያ ላይ አይጠፋም። ስለዚህ ከምታውቁት ነጋዴ ቀደም ብላችሁ ግዙ። ትንሹን አቅልጣችሁ ማየትም ይቻላል። እኔ ሾላ ገበያ የማውቃቸው እናት አሉ፣ ከእሳቸው ነው የምወስደው። አይቡንም ሳዝ «እማማ፣ ጨውም ቅመምም ያልነካው ይሁንልኝ» እላቸዋለሁ። ለጎመን ወይም ለክትፎ የተዘጋጀ አይብ ኮሰረት ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ከበዓሉ በፊት ባለው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ግዙ። ቅዳሜ ጠዋት ዋጋውም ሰልፉም ሌላ ነው። ለማጥለልም ጊዜ አይኖራችሁም።

ጾሙ ከገባ በኋላ የቀረው ትልቁ ጥያቄ ጣዕሙ ነበር። የአይቡን ስኳር፣ የሊጡን ጨው በምን አውቃለሁ? በምላስ የምሠራውን ሁሉ ወደ ሚዛን አዛወርኩት። በቅበላ የሠራሁትን በግራም ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌው ነበር። ያች ወረቀት ነች ያዳነችኝ። ሚዛን ከሌላችሁ አሁኑኑ ትንሿን የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ። «አንድ ኩባያ» የሚባለው ነገር ከቤት ቤት ይለያያል። አይቡ ግን በየገዛችሁበት ቀን ኮምጣጣነቱ ይለያል፣ ሚዛን ይህን አይነግራችሁም። እዚህ ላይ የረዳችኝ ጎረቤቴ ናት። ሙስሊም ናት፣ ግድግዳ ነው የሚለየን። ቅዳሜ ጠዋት አይቡን በሳህን ይዤ ሄድኩ። በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች። ዝም ብላ ቆየችና «ይኮመጥጣል፣ ደግሞ ጨው ጠፍቶበታል» አለችኝ። እዚያው ቆሜ ስኳርና ጨው ጨመርኩ፣ እንደገና ቀመሰች። የማይጾም ጎረቤት ከሌላችሁ ጾም ያልጀመሩ ልጆች አሉ። ልጅ አይዋሽም።

ስቅለት ቀን ወጥ ቤት አልገባም። ውዬ የምመጣው ከስግደት ነው። ስለዚህ አይቡን ሐሙስ ማታ ቋጥሬ ፍሪጅ አስገብቼዋለሁ። ሊጡን ቅዳሜ ከሰዓት አቦካሁ። ሽንኩርቱ የተከተፈው ጠዋት ነው፣ ዶሮው ደግሞ ከቀትር በኋላ ምድጃ ላይ ነው። ጠረጴዛው አንድ ስለሆነ ይህን ማስላት ያስፈልጋል። ሊጥ ሽንኩርት አጠገብ ከተቀመጠ ሽታውን ይወስዳል። ቅቤ ያለበት ደግሞ ይብሳል። ሳፋውን ሸፍናችሁ ሌላ ክፍል አስገቡት።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ሊጡን ለሁለት ክፈሉት። አንዱን በመዳመጫ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ዳምጡት። መጋገሪያ ወረቀት ላይ ሆኖ ቢሆን ይሻላል፣ ከሞላችሁት በኋላ ማንሳት ይከብዳል። አይቡን በርዝመቱ መሃል ላይ፣ ሲሶውን ስፋት ብቻ ይዞ ቀቡት። ጫፍና ጫፉ ላይ ሦስት ጣት ያህል ባዶ ተዉ። ግራና ቀኝ የቀረውን ሊጥ ሁለት ጣት እየራቃችሁ ሰያፍ ቁረጡት። ከዚያ ከላይና ከታች ያለውን አጥፋችሁ፣ ክሮቹን አንድ ከግራ አንድ ከቀኝ እያመጣችሁ እንደ ሹሩባ አጠላልፉ። አትጎትቱ፣ ኩፍ ሲል ቦታ ይፈልጋል። አይቡን አብዝቶ መሙላት ያጓጓል። አታብዙ። በጎን የሚፈሰው በዚህ ነው።

እኔ ሁለቱንም ጎንጉኜ ትሪ ላይ ደርድሬ ኦቨኑን ስለኩስ መብራት ሄደ። ቅዳሜ ማታ፣ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ኦቨን የሚያበራበት ሰዓት ነው። ትንሽ ጠበቅሁ። ሊጡ ግን አይጠብቅም። አንዱን ትሪ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁ። ፍሪጁ መብራት ባይኖረውም በሩ ካልተከፈተ ለጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሁለተኛው አልገባልኝም፣ ሙሉ ዶሮና ወተት ነበረበት። በነጠላ ሸፍኜ ይዤው ሰፈራችን ወዳለው ዳቦ ቤት ወረድኩ።

ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሴቶቹ የድፎ ትሪ ይዘው ተሰልፈዋል። የነሱ ምድጃ በናፍጣ ነው የሚሠራው። ጋጋሪው ሰውዬ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ። በጣቱ ጎኑን ነካ አደረገው። «ይሄ ስኳርና ቅቤ አለው አይደል እህቴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አሁን ካስገባሁት ላዩ ይከስላል፣ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ድፎው ይውጣ፣ ምድጃው ይብረድ። ሊጥሽን ግን በረንዳው ላይ ቀዝቃዛው ጋ አስቀምጪው።» ጠበቅሁ። ተራው ሲደርስ ባዶ ትሪ አምጥቶ ከኔ ትሪ ሥር ደረበ። ሥሩ እንዳያርር ነው። መሃል ላይ አውጥቶ ፎይል አለበሰው። ሲያስረክበኝ ትሪውን ዘንበል አድርጎ ሥሩን አሳየኝ። እኩል ቀልቷል። ያን የትሪ መደረብ ዘዴ ቤቴም እጠቀምበታለሁ። በተለይ ከሥር ብቻ ለሚያሞቅ ኦቨን መድኃኒቱ ነው። እናንተም ከበዓሉ በፊት አቅራቢያችሁ ካለ ዳቦ ቤት ጋር ተነጋገሩ። የሰው ሊጥ ተቀብለው የሚጋግሩ አሉ። በስንት ሰዓት ምድጃቸው እንደሚበርድ ጠይቁ።

መብራቱ የመጣው ለቅዳሴ ከወጣን በኋላ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፍሪጁ ይሠራል። ያደረውን ትሪ ከፍቼ አየሁት። በዝግታ ኩፍ ብሎ ክሮቹን ሞልቷል። ከጾም መፍቻው በኋላ ትንሽ ተኝተን ጠዋት አወጣሁት። ቅዝቃዜው እስኪለቀው ኦቨኑ እስኪግል አቆየሁት። አስኳል በትንሽ ወተት በጥብጬ በብሩሽ ቀባሁት። 175 ዲግሪ ላይ 35 ደቂቃ ያህል ቆየ። ጠዋት ላይ መብራቱም ኃይል አለው። ማታ ሁሉም በአንድ ላይ ሲያበራ ኃይሉ ስለሚወርድ ኦቨኑ 175 ብትሉትም እዚያ ላይደርስ ይችላል። ኦቨን ውስጥ የሚንጠለጠል ትንሽ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ግዙት።

ውስጡ መብሰሉን በቴርሞሜትር ለምትለኩ ደግሞ ይህን እወቁ። አንዳንድ የውጭ አዘገጃጀት የዳቦው መሃል 96 ዲግሪ እስኪደርስ ይላል። እኛ ከተማ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሊጥ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ከዚያ ብዙ አያልፍም። 96ን ስትጠብቁ ኬኩ ይደርቃል። 87 ወይም 88 ሲደርስ አውጡት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ከሥሩ አንሱት። ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ከተነሳና ሥሩ ከቀላ በቂ ነው።

ከዚያ የሚከብደው ነገር ይመጣል፣ አለመቁረጥ። ቢያንስ አንድ ሰዓት በሽቦ ላይ ይቀዝቅዝ። ሲሞቅ አይቡ ገና ልል ነው። ስትቆርጡት ይወጣል፣ እንፋሎቱም ሊጡን ያረጥበዋል።

ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ተቆልቶ፣ አቦሉ ሊቀዳ ሲል ሁለቱንም ቆርጬ አቀረብኩ። የዳቦ ቤቱና ያደረው ጎን ለጎን ነበሩ። ያደረው ይበልጥ ነበር። ሊጡ ለስላሳ ሆኖ ሽታውም ጥልቅ ነበር። ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ቀስ ብሎ የቦካ ሊጥ ጣዕም ለማምጣት ጊዜ ያገኛል። ከዚያ በዓል ጀምሮ ሁልጊዜ አሳድረዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ጎንጉኜ በደንብ ሸፍኜ ፍሪጅ፣ እሑድ ጠዋት ኦቨን። ወጥ ቤቱ ቅዳሜ ማታ ለዶሮው ይለቀቃል፣ የመብራቱም ጭንቀት ይቀንሳል። እንግዳም የሚመጣው ኬኩ በሚሸትበት ሰዓት ነው።

የባለቤቴ እናት አይቡን ሐሙስ ማታ ስቋጥር አይተውኝ «ልጄ፣ አይብ ለጎመን ነው እንጂ ለዳቦ ምን ያደርጋል?» ብለውኝ ነበር። እሑድ ትንሽ ቆረጥኩላቸው። በሉ። አንድ ሲኒ ቡና ጠጥተው ሁለተኛ ቁራጭ ራሳቸው አነሱ። ከዚያ «እማዬ፣ እንዴት ነው?» ስላቸው «ስኳሩን ቀንሺለት» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያኔ አይቡ ውስጥ 80 ግራም ነበር ያስገባሁት፣ ከላይ የጻፍኩላችሁ 60 የእሳቸው ነው። ስታቀርቡም ቁራጩን ስስ አድርጉት። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጾም የፈታ ሆድ ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ ቅቤውን በአንድ ጠዋት ተቀብሏል። ስስ ቁራጭ ሰጥቶ መጨመር ይሻላል።

የተረፈው ፍሪጅ ይግባ። አይብ ስላለበት ውጭ አይደር። በፌስታል ሳይሆን በሚዘጋ ዕቃ፣ ሦስት ቀን ይቆያል። ስትበሉ በትንሽ እሳት ኦቨን ውስጥ አሙቁት፣ ማይክሮዌቭ ያጠነክረዋል። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ማን ይበላዋል ብላችሁ አትጨነቁ። አንዱን ለሌላ ቀን ማቆየት ከፈለጋችሁ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በፎይል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር አስገቡት።

ለገና የምትጋግሩት ከሆነ የሚለወጠው ጊዜው ነው። በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሊጡ ኩፍ ለማለት ከፋሲካው ይዘገያል። እርሾ አትጨምሩ። ሳፋውን ለብ ያለ ውሃ ያለበት ድስት አጠገብ፣ በጠፋ ኦቨን ውስጥ ዘግታችሁ አስቀምጡት። የብርጭቆዋ ምልክት ላይ ሲደርስ አውጡት።